የእትዬ ማንጠግቦሽ እንግዶች

እትዬ ማንጠግቦሽ ማረፋቸውን የሰማሁት አንበሳሜ ከተማ፣ ልኳንዳዬ በር ላይ ቆሜ ነው። ከደብረ ታቦር የመጣ የሚኒባስ ረዳት መኪናው ሳይቆም በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ደጉ! እመቤትህ አረፉ እኮ!» አለኝ። እመቤቴ ማን እንደሆኑ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከእርሳቸው ቤት ወጥቼ የራሴን ሥራ ከጀመርሁ ዓመታት ቢያልፉም ሰው እስካሁን የሚያውቀኝ በእርሳቸው ሥጋ ቆራጭነት ነው።

ቀብራቸው ላይ አልደረስሁም። ያን ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ለቅሶ የደረስሁት ድንኳኑ ሊነሣ ሲል ነው። የቀረው ሰው ስለ እርሳቸው ያወራል። አንዱ «ጅብ ያሳደጉት ሴትዮ» ይላል፤ ሌላው «የመካነ አራዊቱ ባለቤት» ይላል። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ደግሞ «መጨረሻ ላይ እንኳ አእምሯቸውን ሳይነካቸው አልቀረም፤ ያን የመሰለ ግቢ ባዶ ያስቀራሉ?» አሉ። መልስ ልሰጥ ፈለግሁ፤ ግን ለቅሶ ቤት ነውና ዝም አልሁ። ያን ጊዜ ያልመለስሁትን ነው አሁን የምጽፈው።

እትዬ ማንጠግቦሽ ረዥም፣ ደንዳና፣ ድምፃቸው ከግቢያቸው አልፎ መናኸሪያ ድረስ የሚሰማ ሴት ነበሩ። ሲራመዱ እንደ አገር ሽማግሌ እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣምራሉ። ሲስቁ አጠገባቸው ያለውን ሰው ጀርባ በመዳፋቸው ይጠፈጥፋሉ፤ እኛ ሠራተኞቻቸው ቀልድ ሲመጣ ገለል ማለት ለምደን ነበር። ባለቤታቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ እንደወጡ መንገድ ላይ ቀሩ። ልጅ አልነበራቸውም። ለቅሶው እንዳለፈ እትዬ ደብረ ታቦር፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለው ግቢያቸው ሆቴል ከፈቱ። ከፊት ምግብ ቤትና እኔ የምሠራበት ልኳንዳ፣ ከጎን አልጋ ቤቶች፣ ከኋላ ደግሞ እስከ ወንዙ የሚወርድ ሰፊ ጓሮ አለ። በጓሮው ውስጥ ያን ጊዜ ከጎመንና ከባሕር ዛፍ በቀር ምንም አልነበረም።

የመጀመሪያዋ እንግዳ የመጣችው ለእኔ ነው። አንድ የክረምት ጧት የሚኒባስ ሹፌር በመኪና የተገጨች ሚዳቋ ታቅፎ ልኳንዳው ገባ። «ነፍሷ ሳትወጣ ባርከህ እረዳት» አለኝ። የኋላ እግሯ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል፤ ዐይኗ ግን ፍጥጥ ብሎ ያየኛል። ቢላዬን መሳል ጀመርሁ። በዚህ መሐል እትዬ ብቅ አሉ።

«ምንድን ናት?»

«ሚዳቋ ናት እትዬ። ለምሳ ትደርሳለች።»

ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ደረቷ ላይ አሳረፉ። ብዙ ቆዩ። ልቧን እያዳመጡ ይመስለኛል።

«ቢላህን አስቀምጥ» አሉኝ።

«እትዬ፣ የሹፌሩ እኮ ናት...»

«ለሹፌሩ ጥብስ አውጣለት። የፈለገው ምሳ ከሆነ ምሳውን ይብላ። እሷ አልጋ ይዛለች።»

ወጌሻ ተጠራ። ሰውየው «እኔ የሰው ወጌሻ ነኝ፤ ስሜን ልታጠፉት ነው?» እያሉ አጉረመረሙ፤ ግን እግሯን በቀርከሃ አስረው ሄዱ። ሚዳቋዋ በሚያነክስ እግሯ ጎመኑን ሁሉ ጨርሳ ዳነች። ከዚያ ወዲህ «አልጋ ይዟል» የሚለው ንግግር የቤቱ ቋንቋ ሆነ። እትዬ ጧት ጧት ከአልጋ ቤቱ እንግዶች በፊት ጓሮውን ይጎበኛሉ፤ ሲመለሱም «ቁጥር ሁለት እንዴት አደረ?» ስንላቸው «ሌሊቱን ሲያላዝን አድሮ አሁን ተኝቷል» ይሉናል። ቁጥር ሁለት ጅቡ ነው።

ጅቡ ድንጋይ ከሚፈለጥበት ቦታ ገና ጡት ሳይጥል የተገኘ ነው። «አለቃ» ብለው ስም አወጡለት። ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ተጋጭቶ አንድ ክንፉን ያጣ ጆፌ አሞራ መጣ፤ ከዚያ ጃርት፣ ከዚያ ኤሊ፣ ከዚያ እናታቸው በውሻ የተበላችባቸው ሁለት ጦጣዎች። ባሕር ዛፉ ተቆርጦ አጥር ሆነ። ከባሕር ዳር የሚመጣ ሹፌር ሁሉ ምሳውን እዚያ መብላት ጀመረ፤ እሑድ እሑድ የከተማው ሰው ልጆቹን ይዞ ይመጣል። መግቢያው ገንዘብ አይደለም፤ አንድ እቅፍ ሣር ወይም ከቤት የተረፈ አጥንት ነው። ሱፍ የለበሱ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች በላስቲክ አጥንት አንጠልጥለው በር ላይ ሲሰለፉ ማየት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነበር።

አንድ እሑድ ሠርገኞች ምግብ ቤቱን ሞልተው ሳሉ አለቃ አጥሩን ሾልኮ ገባ። ገና ጎረምሳ ነው፤ ግን ጅብ ነው። ሚዜዎቹ ጠረጴዛ ላይ ወጡ። ሙሽራዋ ጮኸች። እትዬ ከወጥ ቤት ወጥተው ጆሮውን ያዙና «እንግዳ ሳይጠራ አይገባም!» እያሉ እየጎተቱ አስወጡት። እሱም ጭራውን ሸጉጦ እንደ ተቀጣ ልጅ ተከተላቸው። ሙሽሮቹ ኋላ ልጅ ወልደው ሲመጡ እትዬን ክርስትና አንሺ አደረጓቸው።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ነው። ምግብ ቤቱ ውስጥ ከገንዘብ መቀበያው በስተጀርባ አንድ ግድግዳ ነበር። የቆሰለ ወይም እናቱ የሞተችበት እንስሳ ያመጣ ሰው ሁሉ ጥብስ ይበላል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ፎቶው በመስታወት ተደርጎ እዚያ ይሰቀላል። ከጉና ተራራ ሥር ካሉ ቀበሌዎች የሚመጣ ገበሬ የራሱን ፎቶ በከተማ ግድግዳ ላይ ሲያይ ይኮራል። ዘመድ ጎረቤቱን እያመጣ ያሳያል።

ከዱር እንስሳት ጉዳይ መሥሪያ ቤት እንስሳት የማኖር ፈቃዳቸውን ለማየት የመጣ ብርሃኑ የሚባል ወጣት ባለሙያ ነበር። ግቢውን ዞሮ አየ። የጃርቱን ጉድጓድ ለካ፤ የውኃ ገንዳውን ቀመሰ ማለት ይቻላል፤ ደስ ብሎታል። ግድግዳው ፊት ሲደርስ ግን ቆመ።

«እትዬ፣ የቆሰለውን ማንሣትዎ መልካም ነው» አለ። «ያመጣውን ሁሉ ግን እንዲህ አያክብሩ። ነገ ደህናውን አቁስሎ የሚያመጣ ይነሣል።»

እትዬ ከት ብለው ሳቁና ጀርባውን መቱት። «አንተ ልጅ፣ ሰው ለአንድ ሳህን ጥብስ ብሎ ነፍስ የሚያጠፋ ይመስልሃል? ይልቅ ና፣ ሳይበርድ ብላ።»

ብርሃኑ በላ። ፈቃዱንም አደሰ። ነገሩ በዚያው ተረሳ።

በጥቅምት መጨረሻ፣ የደጋው ገብስ በሚያሽትበት ወቅት፣ ዋሴ የሚባል የጉና ገበሬ መጣ። ጋቢው ውስጥ የጭላዳ ግልገል ይዟል። ጭላዳ ማለት ያ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው፣ ገደል ለገደል የሚኖር ዝንጀሮ ነው። ግልገሏ ጥቁር ናት፤ ፊቷ የተጨማደደ፣ ጣቶቿ የሰው ጣት። የጋቢውን ጥለት ጨብጣ አትለቅም። «ገደል ሥር ወድቃ አገኘኋት፤ እናቷ ጥላት ሄዳለች» አለ ዋሴ። እትዬ ግልገሏን ተቀበሉ፤ ለእሱ ጥብስ ታዘዘለት። ፎቶ አንሺው ተጠራ።

ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሙቅ ውኃ በሳፋ ቀርቦ እትዬ ግልገሏን ማጠብ ጀመሩ። ውኃው ቀላ። ደፍተው ሌላ አስቀዱ፤ እሱም ቀላ። ቁስሉን ፍለጋ ፀጉሯን እየገለጡ ከራሷ እስከ ጭራዋ ዳበሱ። አንዲት ጭረት እንኳ አልነበረባትም።

ግልገሏን በፎጣ ጠቅልለው ወደ ምግብ ቤቱ ገቡ። እጃቸው ገና ይንጠባጠባል። ዋሴ ፊት ቆሙ።

«ዋሴ» አሉ፤ ድምፃቸው እንዲያ ዝቅ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። «ይህ ደም የማን ነው?»

ዋሴ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። ቆይቶ ሳህኑ ላይ መለሰው።

«አልዋሽዎትም እትዬ። የእናቷ ነው።»

«ውሻ ያዛት?»

«እኔ ነኝ። ገብሴ ውስጥ ገብተው ነበር። ሁልጊዜ በወንጭፍ እናባርራቸዋለን፤ ይሄዳሉ። እንደ ሌላው ጊዜ ባባርራት ትሄድ ነበር።» ወደ ግድግዳው ተመለከተ። «ያ የላይኛው ጎረቤቴ ነው። ጃርት አምጥቶ ተሰቀለ። አገሩ ሁሉ ስለ እሱ ያወራል፤ ልጆቹ ሳይቀሩ ይኮሩብናል። እኔም አንድ ነገር ይዤ ወደ አንቱ ልምጣ ብዬ ነው።»

አንድ ሹፌር ከወንበሩ ተነሥቶ «ይህን ሰው ለፖሊስ ነው!» ብሎ ጮኸ። እትዬ ዞር ሳይሉ በእጃቸው ምልክት አስቀመጡት።

«ምሳህን ጨርስ» አሉት ዋሴን። «የጠራሁህ እኔ ነኝ።»

ዋሴ ግን መብላት አልቻለም። ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ግልገሏን በነጠላቸው ደረታቸው ላይ አስረው ግድግዳው ፊት ቆመው አገኘኋቸው።

«ደጉ፣ ከእነዚህ ውስጥ አግኝቶ ያመጣው የቱ ነው? ራሱ አቁስሎ ያመጣውስ?»

«እኔ እንጃ እትዬ።»

«እኔም እንጃ። መቼም አላውቀውም» አሉ። ከዚያ መሰላል አምጣ አሉኝ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አወረድናቸው። ሲጨርሱ ግድግዳው ላይ የቀረው ምስማር ብቻ ነበር። ለደንበኞቹ የተነገረ ነገር የለም፤ ግን የሰማ ሁሉ ሰምቷል።

በማግሥቱ እትዬ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ባጃጅ አስጠርተው ብርሃኑ መሥሪያ ቤት ሄዱ። እኔም ግልገሏን ይዤ ተከተልኋቸው። ብርሃኑ ደንግጦ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉት። «ያን ቀን ብላ ብዬ አፍህን ዘጋሁት። አሁን አንተ ተናገር፤ እኔ ዝም ልበል።»

ያን ቀን ብዙ ተነጋገሩ፤ በአብዛኛው እሱ ተናገረ። አደግ ስትል ወደ መንጋ መመለስ ይቻል እንደሆነ ጠየቁት። «ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል» አለ። «ግን ሰው ከለመደች በእርግጠኝነት አይሆንም።» ስለዚህ እትዬ ለዚህች ግልገል ስም አላወጡላትም። «ልጅቱ» ብቻ ይሏታል። የፍየል ወተት በጡጦ አጠቧት፤ ጥርስ ስታወጣ ሣር አስለመዷት። ደንበኛ እንዲያያት አልፈቀዱም። ስኳር ልስጣት ያለውን አስተናጋጅ ከሥራ ሊያስወጡት ምንም አልቀራቸውም።

በሚቀጥለው ዓመት የገብሱ ወራት ሲቀርብ እትዬ ሆቴሉን ለእኔና ለገንዘብ ተቀባይዋ ትተው ጉና ወጡ። ያረፉት የት ይመስላችኋል? ዋሴ ቤት። «ያጠፋናት ሁለት ነን፤ ሁለታችን እንመልሳት» ብለው ላኩበት፤ እሱም በቅሎ ይዞ ወርዶ ወሰዳቸው። ሚስቱ ስመኝ ግን አልተደሰተችም። ስንቅ ይዤ ስወጣ በር ላይ ተቀብላ ሆዷን ነገረችኝ፦ «ገብሳችንን የሚነቅለው አውሬ በእንግድነት መጣልን! ደግሞ በጋቢ ተሸፍኖ ያድራል። ልጆቼ ምን ሊበሉ ነው?»

እትዬ ከውስጥ ሰምተዋታል። ወጥተው «እውነትሽን ነው» አሏት። «ገብሱን ማን ነው የሚጠብቅ?»

«እኔና ልጆቹ።»

«ከነገ ጀምሮ እኔም አለሁ።»

እንዲህ ሆነና ያ ከመናኸሪያ የሚሰማ ድምፅ ለጉና ገብስ ዋለ። ጧት ጧት ማሳው ዳር ባለው ድንጋይ ላይ ቆመው «እረ ሂዱ!» ሲሉ ገደሉ መልሶ ይጮኻል፤ ጭላዳዎቹም እግሬ አውጪኝ ይላሉ። ስመኝ መጀመሪያ ሳቋን ልትደብቅ ሞከረች፤ ኋላ ግን መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። የዚያን ዓመት የእነ ዋሴ ማሳ ከጎረቤት ሁሉ ያነሰ ጉዳት የደረሰበት ሆነ። ጎረቤቶቹም ተራ ገብተው አብረው መጠበቅ ጀመሩ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ እትዬ ልጅቱን ይዘው ከማሳው ርቆ ወዳለው የጓሳ ሣር ይሄዳሉ። ብርሃኑ እንዳስተማራቸው ከመንጋው ራቅ ብለው ይቀመጣሉ፤ ዐይን ለዐይን አያዩም፤ ምግብ አይሰጡም። ልጅቱ ጥቂት ሄዳ ትመለሳለች። አንድ ወንድ ጥርሱን ቢያሳያት ጉልበታቸው ሥር ትደበቃለች። «ጧት ያባረርኋቸው ሴትዮ መሆኔን አውቀውብኝ ይሆን?» ይላሉ እትዬ። ውርጩ ፊታቸውን አጠቆረው፤ ጉልበታቸው የታመመው ያን ጊዜ ነው። ብዙ ጊዜ «ይበቃል፣ እንውረድ» ብያቸዋለሁ። በማግሥቱ ተመልሰው ሣሩ ላይ ናቸው።

መኸሩ ገብቶ ካለቀ በኋላ አንድ ቅዳሜ ቡናና ስኳር ይዤ ስደርስ ዋሴ ከሩቅ በእጁ ቀስ በል አለኝ። እትዬ ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው፣ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ርቀት፣ አንዲት ወጣት ጭላዳ ልጅቱን ከፊቷ አስቀምጣ ፀጉሯን እየፈለፈለች ታበጥርላታለች። ልጅቱ ዐይኗን ጨፍናለች።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ መንጋው ለማደር ወደ ገደሉ መውረድ ጀመረ። ወጣቷ ተነሥታ ሄደች። ልጅቱ ቀረች። አንዴ ወደ መንጋው፣ አንዴ ወደ እትዬ ታያለች። ከዚያ ወደ እኛ መምጣት ጀመረች። እትዬ ይህን ሲያዩ ጀርባቸውን ሰጧት፤ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣሉና ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀመጡ። ልጅቱ ከኋላቸው ደርሳ የነጠላውን ጫፍ ሳብ አደረገች። አልዞሩም። እንደገና ሳበች። ከፊት ለፊታቸው ስለነበርሁ ፊታቸውን የማየው እኔ ነኝ፤ እንባቸው እየወረደ ከንፈራቸውን ነክሰው ነበር። ከገደሉ አፍ ወጣቷ ጭላዳ ድምፅ አሰማች። ልጅቱ ነጠላውን ለቀቀች። ሮጠች። ስትወርድ ዋሴ በግንባሩ መሬት ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

ከዚያ በኋላ ሆቴሉ ሌላ ሆነ። በዱር መኖር የሚችለው ሁሉ በብርሃኑ ምክር ወደ መጣበት ተመለሰ። ጦጣዎቹ ሄዱ፤ ጃርቱ ሄደ። አለቃ ሰው ለምዶ ስለነበር አልተቻለም፤ እዚያው አርጅቶ ሲሞት እትዬ ሆቴሉን ዘግተው ዋሉ። አሁንም እንስሳ የሚያመጣ ሰው አልጠፋም። እትዬ ግን ጥብስም ፎቶም የላቸውም፤ ጫማቸውን ለውጠው «ያገኘህበትን ቦታ አሳየኝ» ይሉታል፤ ሩቅም ቢሆን አብረውት ይሄዳሉ። የሚዋሽ ሰው ሁለተኛ አይመጣም። የእሑዱ ሰልፍ ቀረ፤ ሹፌሮቹም ወደ ሌላ ምግብ ቤት ሄዱ። እርሳቸው ግን ከጉና ቀበሌዎች ጋር ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ለገበሬው ውሾች ክትባት ያስመጣሉ፤ ማሳ ጥበቃውን ያስተባብራሉ፤ ዋሴም ጎረቤቶቹ መርጠውት የገደሉ ጠባቂ ሆነ። እኔ በዚህ መሐል ነው በእርሳቸው ምርቃት ወጥቼ የራሴን ልኳንዳ የከፈትሁት።

ለመጨረሻ ጊዜ አብሬያቸው ጉና የወጣሁት ባለፈው ዓመት ነው። ለጉልበታቸው ወንዛዬ ፍል ውኃ ሰንብተው ሲመለሱ አንበሳሜ ላይ ወርደው «ዝጋና ና፣ አብረኸኝ ውጣ» አሉኝ። መኪና እስከሚገባበት በመኪና፣ ከዚያ በበቅሎ ወጣን። ዋሴ ፀጉሩ ሸብቷል። ደግፎ ሣሩ ላይ አስቀመጣቸው። መንጋው ፊት ለፊታችን ተበትኖ ሣር ይነጫል።

«የትኛዋ ናት?» አሉት።

ዋሴ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ብዙ ተመለከተ። ወዲህ አየ፤ ወዲያ አየ። አንዲት እናት ግልገሏን አዝላ በአጠገባችን ዞር ሳትል አለፈች። እሷን ተከትሎ አየ፤ ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ አምና እለያት ነበር» አለ በመጨረሻ። «አሁን ግን ተቀላቀለችብኝ። ከሌሎቹ አልለያትም። ይቅር ይበሉኝ፤ አደራዎን አልጠበቅሁም።»

እትዬ ዞር ብለው አዩት። እንዲያ ያለ ፊት፣ እንዲያ የበራ፣ ከዚያ በፊት አላየሁባቸውም።

«ምን ይቅርታ ትላለህ?» አሉት። «እኔ እኮ የለፋሁት አንድ ቀን እንዳትለያት ነው።»

ብርዱ እስኪገባ ድረስ ተቀምጠን ቆየን። መንጋው እየነጨ፣ እየነጨ ወደ ገደሉ አፍ ተጠጋ፤ እናቶች፣ ግልገሎች፣ ወንዶች፣ ሁሉም በየተራ ወረዱ። አንዷም ወደ ኋላ አልተመለከተችም።